የጥንቱ ባሕር ከፍታ ኩርባ ሲመረመር

ቢላል ሐቅ፣ ያን ሃርደንቦልና ፒተር ቬይል በ1987 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት የባሕር ከፍታ ኩርባ በሥነ ምድር ትምህርት እጅግ ከተጠቀሱት ሥዕሎች አንዱ ነው። ኩርባው ባለፉት 250 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ የዓለም ባሕር በየዘመኑ እንደምን ሲሞላና ሲጎድል እንደ ኖረ ያሳያል፤ በኋለኛው ክሬቴሺየስ ዘመንም ከዛሬው በ250 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንደ ነበር ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ባሕሩ የተለካበት የብስ ራሱ ከቦታው አልተነቃነቀምን? የሚለው ነው።

የሥራውን ዋጋ መካድ አይገባም። ቬይልና ባልደረቦቹ በኤክሶን ኩባንያ ሳሉ፣ ለነዳጅ ፍለጋ ወደ ምድር የሚላከው ሞገድ ከደለል ንጣፎች ተንጸባርቆ ሲመለስ የሚሰጠውን ምስል እንደ መጽሐፍ ማንበብን አስተምረዋል። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን በ1977 እ.ኤ.አ. ለወጣው የመጀመሪያው ኩርባ መሠረት ከሆነው መረጃ ብዙው የኩባንያው ምስጢር ስለ ነበረ፣ ሌላ ተመራማሪ ሊፈትነው አልቻለም። ለትምህርት ሥራ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ግን ከታች የሚመጣ ነው። ከምድር ቅርፊት ሥር እስከ 2900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚዘልቀው ማንትል ጠጣር አለት ቢሆንም፣ በዓመት በሴንቲ ሜትር በሚቆጠር ፍጥነት ይፈስሳል። ቀዝቅዞ የሚሰምጠው ክፍል በላዩ ያለውን የብስ ወደ ታች ይስባል፤ ሞቆ የሚወጣው ደግሞ ወደ ላይ ይገፋዋል። የብሱ ዝቅ ሲል፣ የዓለም ባሕር አንዲት ጋት እንኳ ሳይጨምር ውኃው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ደለልም ይከማቻል። ከብዙ ዘመን በኋላ ንጣፉን የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ግን ያንኑ «ባሕር ሞላ» የሚል ምልክት ነው።

ለዚህ ዋነኛው ምስክር በአሜሪካ የሚገኘው የኒው ጀርሲ ባሕር ዳር ነው። ኬኔት ሚለርና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. በዚያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ተነሥተው የክሬቴሺየሱን ከፍታ ወደ 100 ሜትር ገደማ አወረዱት። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲትማር ሙለርና ባልደረቦቹ ያው ባሕር ዳር ባለፉት 70 ሚሊዮን ዓመታት ከ105 እስከ 180 ሜትር እንደ ሰመጠ አሰሉ። ምክንያቱም ሰሜን አሜሪካ ወደ ምዕራብ ስትጓዝ፣ ወደ ማንትል በሰመጠው በጥንቱ የፋራሎን ፕሌት በላይ ማለፏ ነው። በዚህ ስሌት መሠረት የኒው ጀርሲ ቁጥር ያነሰው ባሕሩ ዝቅተኛ ስለ ነበረ ሳይሆን መለኪያው ራሱ ስለ ሰመጠ ነው።

ዘመኑ ቅርብ ሲሆንም ችግሩ አይጠፋም። ከቨርጂኒያ እስከ ፍሎሪዳ ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ማዕበል የቆረጣቸው የጥንት ዳርቻዎች፣ ሲሠሩ አግድም የነበሩት፣ ዛሬ እስከ 60 ሜትር የከፍታ ልዩነት አላቸው። ዴቪድ ራውሊና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከዚህ የሚበዛውን ለማንትል ይሰጣሉ። በዓለም ያለው በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ ባሕሩን የሚያነሣው 65 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ያስተዋለ፣ በአንድ ባሕር ዳር ተመርኩዞ የጥንቱን የአንታርክቲካ በረዶ መገመት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ይረዳል።

ይሁን እንጂ የማንትል ሞዴሎችም ከሂስ ነጻ አይደሉም። የሙለር ስሌት የክሬቴሺየሱን ባሕር በ170 ሜትር ቢያስቀምጠውም፣ ከ85 እስከ 270 ሜትር የሚደርስ ስፋት ይተውለታል፤ ሐቅም ሚለርም በዚህ ስፋት ውስጥ ተመቻችተው ይገባሉ! ደግሞም ማንትል በሚሊዮን ዓመታት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ በበረዶ ዘመናት የታየውን ፈጣን መዋዠቅ ለእርሱ መስጠት አይቻልም።

ክርክሩ ለአገራችን መምህራንም ሩቅ አይደለም። በጁራሲክ ባሕር ውስጥ የተከማቸው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ዛሬ በመቀሌ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ይህም የኩርባውን ከፍተኛ ነጥብ ስምንት ጊዜ ያህል ያጥፋል። ደጋውን ያነሣው በዋነኛነት ከሥር የሚወጣው ሙቅ ማንትል ነው እንጂ ባሕሩ ያን ያህል ሞልቶ አያውቅም። ስለዚህ ኩርባው በክፍል ውስጥ ሲቀርብ ሦስቱ ቁጥሮች፣ ማለትም 250፣ 100ና 170፣ ጎን ለጎን ቢጻፉ፣ ተማሪውም የመቀሌውን ድንጋይ ይዞ ከሦስቱ የትኛው ከፍታውን ሊያስረዳ እንደሚችል ቢጠየቅ ይበጃል።