«እኛ» ማን ነው? ስለ አንድ የቆየ የጉብኝት ጽሑፌ

ከጥቂት ወራት በፊት ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት ልጅ በዘመድ በኩል ስልኬን አግኝታ ደወለችልኝ። የጎንደር ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ነፃ ነኝ። በአንድ ቀን ሶዶን ምን ምን ልይ?» አለችኝ። ሶዶ ተወልጄ ሶዶ ያደግኩ ሰው ነኝ። አፌ ግን ተሳሰረ። «እ… ዳሞታ አለ። ጊፋታ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። አጆራ ፏፏቴ ደግሞ ራቅ ይላል…» እያልኩ ተንተባተብኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያፈርኩት። ስለ ሺአን ብትጠይቀኝ ኖሮ ሃያ ደቂቃ ሳልተነፍስ አወራላት ነበር።

ሺአንን ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቻይና ማስተርሴን ስማር፣ ከዠንግዡ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዤ ጠዋት ደረስኩ፤ ማታ ተመለስኩ። ያቺን ቀን በአንድ የተማሪዎች መጽሔት ላይ ጻፍኳት። ጽሑፉ ተወደደ። እስካሁን «ያንን የቻይናውን ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ያንን ጽሑፍ ልተች ነው። የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሉኝታ ይይዘኝ ነበር፤ የራሴ ስለሆነ አይይዘኝም።

የዚህን ዓይነት ጽሑፍ ታውቁታላችሁ። ተማሪው በጠዋት ይነሳል፣ ታሪካዊቷ ከተማ ይደርሳል፣ ይደነቃል፣ ይራባል፣ ይበላል፣ ይደክመዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ስለ አገሩ ያስባል። የእኔም እንደዚያው ነው። ጠዋት የሸክላ ወታደሮቹ። እ.ኤ.አ. በ1974 ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኟቸውን፣ ከ2,200 ዓመት በፊት ከመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ጋር የተቀበሩትን ወታደሮች አየሁ። ከሰዓት የከተማዋ ቅጥር። በሚንግ ሥርወ መንግሥት በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው፤ ከፍታው 12 ሜትር፣ ዙሪያው 13.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ላዩ ሰፊ ስለሆነ ብስክሌት ተከራይቼ ዞርኩት። አመሻሽ ላይ የሙስሊሞቹ ሰፈር። እዚያ ደረቅ ቂጣ በሳህን ይሰጡህና በጣትህ ፈርፍረህ ትመልስላቸዋለህ፤ የበግ መረቅ ጨምረውበት ያመጡልሃል። «ፍትፍት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ከጽሑፉ ውስጥ ዛሬም የምወደው ይህን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

መዝጊያው እንዲህ ይላል፦ «እነሱ የአባቶቻቸውን ድንጋይ ስድስት መቶ ዓመት ጠበቁ። እኛስ? አክሱምን፣ ላሊበላን፣ የጎንደርን ግንብ ይዘን ምን ሠራን?»

ልጅቷ ይህን ጽሑፍ ፈልጋ አግኝታ ኖሮ፣ ቅዳሜ ስንገናኝ አትማ ይዛው መጣች። ጥቂት ቦታዎች ላይ በእርሳስ አስምራለች። መጨረሻው አንቀጽ ላይ «እኛስ?» የሚለውን ከብባ ከጎኑ ሦስት ቃል ጽፋለች፦ «እኛ ማን ነው?»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ከነከነኝ። ከዚያ እቤት ገብቼ ጽሑፉን እንደ ባዕድ ሰው ጽሑፍ አነበብኩት።

የመጀመሪያው ስህተት የመረጃ ነው። «ስድስት መቶ ዓመት ጠበቁ» የሚለው እውነት አይደለም። የሺአን ቅጥር ብዙው ክፍል አርጅቶና ፈራርሶ ነበር። እኔ በብስክሌት የተንሸራተትኩበት ወለል እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በተካሄደ ትልቅ ጥገና የተስተካከለ ነው። የቤጂንግ ቅጥርማ ጭራሽ አልተረፈም፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ለመንገድና ለምድር ውስጥ ባቡር ሲባል አብዛኛው ፈርሷል። ስለዚህ «እነሱ» የምላቸው ሰዎች አንዱን አፍርሰዋል፣ ሌላውን አድሰዋል፤ በመካከሉም ብዙ ተከራክረዋል። እኔ ግን የአንድ ቀን እንግዳ ስለሆንኩ ያየሁት ውጤቱን ብቻ ነው። ክርክሩ ለጎብኚ አይታይም፤ ቲኬት አይቆረጥበትም። ክርክሩን ብጽፈው ኖሮ ለአገሬ አንባቢ ይጠቅመው ነበር፤ ምክንያቱም እኛም ያለነው ክርክሩ ላይ ነው። በተዘዋዋሪ ግን ያልኩት «እነሱ ጎበዞች ናቸው፣ እኛ ሰነፎች ነን» ነው። ይህ ስንፍናን በስንፍና መውቀስ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከእኔ በፊት የነበረ ልማድ ነው። የውጭ አገርን አይቶ «እኛስ?» ብሎ መጨረስ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን አሳተሙ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ እንዳሳዩን፣ ያ ትውልድ ጃፓንን ያይ የነበረው ለሽርሽር አልነበረም። አንዲት የእስያ አገር ነፃነቷን ሳታጣ እንዴት ሠለጠነች የሚለው ጥያቄ ለእነሱ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ኅሩይ ጃፓንንና ኢትዮጵያን ሲያመሳስሉ አንዳንዴ ገመዱን ከልክ በላይ ይስቡታል። ግን የሚስቡበት ምክንያት ነበራቸው፤ ጣሊያን ደጅ ላይ ነበር። የእኔ «እኛስ?» ግን ምን ነበረበት? ምንም። ቅርጹን ወረስኩ፤ ጭንቀቱን አልወረስኩም። አንድ ጽሑፍ መዝጊያ ያስፈልገዋልና ከዕቃ ቤት አውጥቼ ያለቀ ቆርቆሮ ገጠምኩበት።

ሦስተኛው ስህተት ልጅቷ በእርሳስ የከበበችው ነው። ዝርዝሬን ተመልከቱት፦ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር። ሦስቱም የሚያኮሩ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ጸሐፊው የወላይታ ልጅ ነው። ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቅጥር ላይ ቆሞ ስለ ቅጥር ሲያስብ፣ በገዛ አገሩ በካዎ አማዶ ስም የሚጠራ የድንጋይ ካብ እንዳለ ትዝ አላለውም። ከኦሞ ማዶ በዳውሮ የሃላላ ኬላ እንዳለም ትዝ አላለውም። ሁለቱም ልክ እንደ ሺአኑ ቅጥር ጠላትን ለመከላከል የተደረደሩ ናቸው። ስለ ቅጥር እየጻፍኩ የራሴን ቅጥር ዘለልኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ አርታኢ አልሰረዘብኝም። «ታሪካዊ» የሚለው ቃል ራሱ በአእምሮዬ ውስጥ ቀድሞ አጥር ነበረው።

እኛን ለማየት የመጣ የአንድ ሰሞን እንግዳም ነበር። ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1894 መጨረሻ ከአፄ ምኒልክ ጦር ጋር ወላይታ ገብቶ ያየውን በመጽሐፍ አሳትሟል። ግድያውን፣ ምርኮኛውን፣ የሚነዳውን ከብት ጽፏል። ካዎ ጦና በዚያ ዘመቻ ቆስለው ተማረኩ፤ የወላይታ መንግሥት በዚያው አከተመ። ይህን ያነሳሁት ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። አንድ አገር በሚወድቅበት ሳምንት የመጣ ጎብኚ እንኳ ዓይኑ ፊት ያለውን ጽፏል። እኔ ተወላጁ፣ በሰላም ጊዜ፣ ደመወዝ የሚከፈለው አንደበት ይዤ፣ አልጻፍኩትም።

ወደ ቅዳሜያችን ልመለስ። በባጃጅ እስከ ዳሞታ ግርጌ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ዳሞታ ሶዶን ከላይ ሆኖ የሚያይ ተራራ ነው፤ የከተማው ሰው አቅጣጫ ሲነግርህ እንኳ «ወደ ዳሞታ በኩል» ይልሃል። ትንሽ እንደወጣን ዞር ብላ ከተማዋን አየችና «ጋሼ፣ ቤተ መንግሥቱ የት ነው?» አለችኝ። የጎንደር ልጅ ይህን ብትጠይቅ አይፈረድባትም። «የእኛ ነገሥታት ቤት እንጨትና ሣር ነበር» አልኳት። «ግንብ አልነበረም። የሚቃጠል ነገር ነው።» ዝም አለች። ጥቂት ቆይታ «እኛም እኮ ግንቡን አናየውም» አለች። «ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ እንሄዳለን እንጂ ግንቡ የፈረንጅ ነው። በዚያ በኩል ወደ ትምህርት ቤት አልፋለሁ፤ ቀና ብዬ አላየውም።» እዚህ ላይ ነው የተግባባነው። ግንብ ያለውም የሌለውም የገዛ ከተማውን ለማየት ሰበብ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሰበቡ እንግዳ ነው።

በደቡብ ምዕራብ ተዳፋት በኩል ሞቼና ቦራጎ ይገኛል። አፉን የከፈተ ሰፊ የድንጋይ ጥላ ነው። ተመራማሪዎች ቆፍረው ከ50,000 ዓመት በፊት ሰው እንደኖረበት የሚያሳዩ የጥቁር ባልጩት መሣሪያዎች አግኝተዋል። የሺአን የሸክላ ወታደሮች ከዚህ ጋር ሲተያዩ የትናንት ልጆች ናቸው። በጽሑፌ ውስጥ «ሁለት ሺህ ዓመት!» ብዬ በቃለ አጋኖ የደነገጥኩት ሰውዬ፣ ከተወለድኩበት ሰፈር በእግር ከሚኬድበት ቦታ የሃያ አምስት እጥፍ ዕድሜ ያለው ነገር ተቀምጦ ነበር። ዕድሜ ብቻውን ውድድር አይደለም፤ አውቃለሁ። ቃለ አጋኖዬን ግን የት እንዳባከንኩት ማወቅ አለብኝ።

ስንመለስ መሃል ከተማ ቁርጥ በዳታ በላን። ዳታው ዓይኗን እያስለቀሳት «ይሄስ ታሪካዊ ነው!» አለች። ከዚያ ስለ ወጋጎዳ ነገርኳት። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው በተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1999 ይህ ከተማ ተነስቶ እንደነበር፣ ሰውም እንደሞተበት፣ በዓመቱ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን እንደሆነ ነገርኳት። ሰው ስለ መጽሐፍ የሞተበትን መንገድ እየረገጥን ነበር የምንሄደው። ይህ ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። አንድ ሰው ካልነገረህ አታየውም። ወላይትኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ትችት እንኳ የምጽፈው በአማርኛ መሆኑን እሷው ናት ያስታወሰችኝ። «ታዲያ በወላይትኛም ጻፈው» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ያለኝ መልስ እጽፈዋለሁ የሚል ብቻ ነው።

ተማሪው ከባዕድ ከተማ ምን ይዞ ይመለስ ታዲያ? ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን አስባለሁ። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ሄደው ሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። «የሕይወቴ ታሪክ» የሚለው መጽሐፋቸው በ1998 ዓ.ም. ታትሟል። ለእሳቸው ባዕድ አገር የአንድ ቀን ጉብኝት አልነበረም፤ ያደጉበት ቤት ነበር። አውሮፓ ቴአትር ማለት ምን እንደሆነ አይተው ተመለሱ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን «እኛስ?» ብለው አላለቀሱም። «ፋቡላ»ን ጻፉ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ሆነ። በእንስሳት ተረት መንግሥትን ስለነካ ታገደ። ለእኔ የጉዞ ጽሑፍ ትክክለኛ መዝጊያ ይህ ነው፦ ያየኸውን ወስደህ ቤትህ ውስጥ አንድ ነገር መሥራት፣ ሥራውም የሚያስቆጣው ሰው መኖሩ።

ሁላችንም ተክለ ሐዋርያት አንሆንም። ግን ትንሹን ማድረግ እንችላለን። ዘንድሮ በቱርክ፣ በሕንድ፣ በቻይና፣ በሃንጋሪ የምትማሩ ልጆች እንደ እኔ አንድ ቀን ታሪካዊ ከተማ ዞራችሁ ስትጽፉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መደነቃችሁን አትተዉ፤ የምግቡን ነገር በተለይ አትተዉ። «እኛስ?» የምትለዋ ላይ ስትደርሱ ግን ብዕራችሁን አንሱና የሠፈራችሁን ስም ጻፉ። የአገሪቱን አይደለም፤ የሠፈራችሁን። ንጽጽሩ ካልያዘ ሰርዙት።

ልጅቷ ያቺን ቅዳሜ ለክፍል ሥራ ጽፋ አስተያየት እንድሰጣት ላከችልኝ። ሦስት ገጽ ነው። ሞቼና ቦራጎ አለ፣ ዳታው አለ፣ ወጋጎዳ አለ። መጨረሻው ላይ ስለ ጎንደር አንድ አንቀጽ ጽፋለች፦ ለእረፍት ስትመለስ ትምህርት ቤት የምትሄድበት መንገድ ላይ ቆማ ግንቡን ቀና ብላ እንደምታየው። «እኛ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለም። እኔም በተራዬ እርሳስ አንስቼ ላርም ብዬ ነበር፤ አንድ የፊደል ግድፈት ብቻ አግኝቼ መለስኩላት።