ነጋሪት ጋዜጣ በስድስት ኢንች

እህቶቼ፣ ዛሬ የምተቸው መጽሐፍ አይደለም፣ ማንበቢያውን ነው። የማዳም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ አሮጌ ኢ-ሪደሯን ሰጠችኝ። ጥጉ ተጭሯል፣ የራሱ መብራትም የለውም። የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ አልጽፍም፣ ለማስታወቂያ የከፈለኝ የለም። ማዳም አገላብጣ አየችውና "ይደውላል?" አለችኝ። አይደውልም አልኳት። "በቃ ያዢው" አለች። ስልኬ ማታ ማታ ሳሎን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ይሄ ግን ትራሴ ስር ያድራል።

በመጀመሪያ ምስጋናውን ልስጠው። መስታወቱ እንደ ስልክ ዓይን ላይ አያበራም። በውስጡ ያሉ በጣም ደቃቅ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ተገፍተው ፊደል ይሠራሉ፣ ከዚያ ባሉበት ይቆያሉ። ኃይል የሚበላው በዋናነት ገጽ ሲቀየር ስለሆነ አንዴ ከሞላሽው ሳምንታት ይቆይልሻል። ቤይሩት ለምንኖር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የመንግሥት መብራት ለጥቂት ሰዓት መጥቶ ይሄዳል፣ የሰፈሩ ሞተርም በሰዓቱ ይጠፋል። ቀን ልብስ ሳሰጣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እያቃጠለኝ አነብበታለሁ፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ማታ በእጅ ባትሪ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ጋዜጣ ስትከፍቺ ነው። የአገራችን ጋዜጦች በቴሌግራም የሚደርሱን በፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍ ማለት የታተመው ወረቀት ልክ እንዳለ ማለት ነው፤ ዓምዱም ርዕሱም ማስታወቂያውም ከቦታው አይነቃነቅም። ትልቁ የጋዜጣ ገጽ ስድስት ኢንች ላይ ሲገባ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ስታሰፊው ደግሞ የዓምዱ ግማሽ ከመስታወቱ ይወጣል፣ ወደ ቀኝ ገፋ፣ ወደ ግራ ገፋ ስትዪ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይጠፋሻል። ኢፐብ የሚባለው ዓይነት ፋይል ይሻላል፣ ፊደሉን ስታተልቂው ጽሑፉ ራሱ እየታጠፈ ይወርዳል። ነገር ግን እንደ እኔ ባለ አሮጌ መሣሪያ የአማርኛ ፊደል አብሮ ካልተጫነ የምታዪው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው፤ ፒዲኤፍ ግን ብዙ ጊዜ ፊደሉን ይዞ ስለሚመጣ ቢያንስ አይጠፋም። ፈረንጆቹም ጋዜጣን በዚህ ዕቃ ማንበብ ብዙ አልሆነላቸውም መሰለኝ። አማዞን ኪንድልን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያወጣ ጋዜጣም ጭምር ይሸጥበት ነበር፣ በ2023 ግን በኪንድል የሚሸጠውን የጋዜጣና የመጽሔት ደንበኝነት አቆመ።

ይሄን ሁሉ ትቼ መተው እችል ነበር። ልቤን ያንጠለጠለው ግን አንድ ሰነድ ነው።

ታናሽ እህቴ ወልድያ ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ደላላ ዮርዳኖስ እልካታለሁ ብሎ እናቴን ለቪዛና ለትኬት ገንዘብ ጠየቃት፣ ላሟን የሚያሸጥ ገንዘብ። እኔም የመጣሁት እንዲሁ ነው፣ ዕዳውን ከፍዬ የጨረስኩት እዚህ ከገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንዲት ጓደኛዬ ዶራ እሁድ ስንገናኝ "ሕጉን አንብቢው እንጂ" ብላ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን ላከችልኝ።

ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ አሁን ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚባለው ከ1987 ወዲህ ነው። ገጹ ሁለት ዓምድ አለው፣ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ለእኔ የማይጠቅመኝ እንግሊዝኛ የመስታወቱን ግማሽ ይዞብኛል። አማርኛው ደግሞ ደቃቅ ሆኖ ቀረ። እስቲ አስቡት፣ "የሚከፍል" እና "የሚከፈል" በሁለት ፊደል መካከል ባለች ጭረት ነው የሚለያዩት። ፈ ናት ፍ? የላሟ ዕጣ በዚያች ጭረት ላይ ነው። ባትሪውን አስጠግቼ ዓይኔ እስኪያለቅስ አየሁ፣ እርግጠኛ መሆን ግን አልቻልኩም።

በማግስቱ የማዳም ልጅን ለመንኳት። ላፕቶፗ ላይ የእያንዳንዱን ገጽ ግራ ዓምድ ብቻ ቆርጣ መለሰችልኝ። መሣሪያውንም አግድም አዞርኩት። ያን ጊዜ ፊደሉ ሰው ሆነ! የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ፤ ይሄ ሁሉ በአሠሪው ላይ ነው። በሠራተኛዋ ላይ የሚወድቁት እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና የልደት ምስክር ወረቀት ያሉት ናቸው። ከ18 ዓመት በታች ያለችውማ ጭራሽ አትላክም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ግን ከወረቀት ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። አዋጁ በ1246/2013 ተሻሽሏል። ማሻሻያው "እንዲህ የሚለው ንዑስ አንቀጽ በዚህ ተተካ" እያለ ወደ ዋናው ይልክሻል። ወረቀት ቢሆን ሁለቱን አልጋ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተሽ በጣትሽ ትከተያለሽ። እዚህ ግን አንዱን ዘግተሽ ሌላውን መክፈት ነው፣ ገጹ እስኪመጣም ዝግ ይላል። ቁጥሩን ደብተር ላይ እየጻፍኩ ጨረስኩት።

የሊባኖሱን ኮንትራትም ሞክሬ ነበር። በ2009 የወጣው የተዋሃደ ኮንትራት ዓረብኛ ነው። ያገኘሁት ፎቶ የተነሳ ስካን ነው፣ ስለዚህ ቃሉን ነክቶ ትርጉም መፈለግ አይቻልም፣ ለመሣሪያው ሥዕል ነው። እኔ ዓረብኛ በአፌ እንጂ በዓይኔ አላውቅም። ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ናት፤ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ዕረፍት ይላል። የ2020ውን የተሻለውን ኮንትራት ደግሞ የሹራ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ጥቅምት አግዶታል፣ እሱን ቆርጬም አላስተካክለውም።

ይህችን መጽሔታችንንም አልምራት። አዘጋጆቻችን ፎቶ ላይ በቀይ ቀለም መጻፍ ትወዳላችሁ። በስልክ ያምራል። በእኔ መሣሪያ ግን ሁሉም ነገር ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀዩ ጽሑፍ አመድ ላይ የፈሰሰ አመድ ነው። ባለፈው ዕትም ስለ ኢቃማ የተጻፈውን ገጽ እስካሁን አላነበብኩትም፣ የሚያስፈልገኝ ደግሞ እሱ ነበር። እባካችሁ በአንድ ዓምድ፣ በጥቁር ፊደል፣ ያለ ፎቶ አንድ ተጨማሪ ፋይል አውጡልን። ቆንጆ ባይሆንም ግድ የለም።

የወጪውን ገጽ በጓደኛዬ ስልክ ፎቶ አንስቼ ወልድያ ላክሁት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ያነበበላት ወንድሜ ነው። ደላላው "ይሄ አዲስ አበባ ላሉት ነው" አለ አሉ። እናቴ "ነጋሪት ወልድያ አይሰማም እንዴ?" አለችው። ላሟ እስካሁን አልተሸጠችም፣ እህቴም ትምህርት ቤት ናት፣ ቢያንስ እስከ ሰኔ።

የተቆረጠው አዋጅ ከእኔ ጋር ነው። እሁድ ዶራ ስመጣ ይዤው እመጣለሁ፣ የምትፈልግ ኬብሏን ትያዝ።