ሽታና ሽቶ

በአማርኛ «ሽታ»ን ከ«ሽቶ» የሚለየው አንድ ፊደል ነው። «ታ»ን ወደ «ቶ» ለወጥ ስታደርጓት አፍንጫ የሚያስይዘው ነገር አንገት ላይ የሚረጭ ይሆናል። ነገሩ በቋንቋ ቢያበቃ ደግ ነበር። እኛ ግን ቤታችንንም፣ ሆቴላችንንም፣ መሥሪያ ቤታችንንም በዚሁ ሰዋስው ማስተዳደር ጀምረናል። ሽታው ካለበት ንቅንቅ ሳይል ሽቶ እናርከፈክፍበትና «ጸዳ» እንላለን።

አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝና የዛሬው ወጌ ስለ ሽንት ቤት ነው። ቁርስ ላይ ያላችሁ ቆየት ብላችሁ አንብቡት።

ዳንግላ ወይም እንጅባራ ከሚገኝ ደህና ሱቅ ጎራ ብትሉ ከሳሙናውና ከበረኪናው ጎን ለሽንት ቤት የሚሆን የማስዋቢያ ዓይነት ታገኛላችሁ። በትንሽ የፕላስቲክ ቅርጫት ሆኖ ከመቀመጫው ከንፈር ላይ የሚንጠለጠል ባለቀለም ሳሙና አለ። ከላይ ካለው የውኃ ማጠራቀሚያ ጣል ተደርጎ ውኃውን ሰማያዊ የሚያደርግ አለ። የሎሚ፣ የጽጌረዳ፣ አልፎ ተርፎም የ«ውቅያኖስ» መዓዛ አለኝ የሚል የሚነፋ ቆርቆሮ አለ። የባሕር በር የሌለው አገር፣ ያውም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የሚኖር ደገኛ፣ ውቅያኖስ እንዴት እንደሚሸት የሚማረው ከሽንት ቤት ነው ማለት ነው! በወንዶች መሽኛ ላይ የሚበተኑት ነጫጭ የናፍታሊን ኳሶችማ የቆዩ ዘመዶቻችን ናቸው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ አንድን ድርሰት ከመተቸታቸው በፊት ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቁ እነግራቸው ነበር። ይህ ሥራ ምን አደርጋለሁ ብሎ ተነሣ? ያለውንስ አደረገ ወይ? መመዘኛው ለልብ ወለድ ብቻ አይደለም፤ ለሽንት ቤት ዕቃም ይሠራል። እስቲ እንሞክረው።

ከሚንጠለጠለው እንጀምር። የእሱ ሥራ በውኃ ላይ የቆመ ነው። ሰው ውኃ በለቀቀ ቁጥር ከከንፈሩ ሥር የሚወርደው ውኃ ቅርጫቷን አጥቦ ያልፋል፤ ትንሽ ሳሙና፣ ትንሽ ቀለም፣ ትንሽ መዓዛ ይዞ ይወርዳል። ከላይ የሚጣለውም እንደዚያው ነው። ሰማያዊው ቀለም ራሱ ምንም አያጥብም፤ «እዚህ ሥራ ተሠርቷል» ብሎ ለዓይን የሚናገር ምልክት ነው። ሳሙናው አዲስ ቆሻሻ ቶሎ እንዳይጣበቅ ጥቂት ይረዳል። የተጣበቀውን ግን አያነሳም። እንግዲህ ይህ ዕቃ የሚናገረው አንድ ታሪክ ብቻ ነው፦ ቧንቧ ሲከፈት ሁልጊዜ ውኃ የሚመጣበት ቤት ታሪክ።

እኛ አገር ሲመጣ ምን ይሆናል? ከዓመታት በፊት በአዊ ዞን ከሚገኙ ከተሞች በአንዱ አንድ ሆቴል አድሬ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጓደኞቹ ብዙ ናቸውና እሱን ብቻ ማሳጣት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ግድግዳው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው። ቅርጫቷ ከመቀመጫው ላይ ተንጠልጥላለች፤ ደርቃ ጥርኝ አፈር መስላለች። ሽታው ግን በሩን ሳልከፍተው ተቀብሎኛል። የጽዳት ሠራተኛዋን ኮሪደር ላይ አገኘኋትና፣

«እህቴ፣ ይቺ ነገር ውኃ ከሌለ ምን ትሠራለች?» አልኳት።

«እንግዳ ሲገባ እንድትታይ ነዋ ጋሼ!» አለችኝ እየሳቀች። «ውኃው በፈረቃ ነው። እኔ በባልዲ እደፋለሁ፤ የባልዲ ውኃ ደግሞ በመሀል ነው የሚወርድ እንጂ እሷን አይነካትም። ይቺን ተዉና አንድ በርሜል ጨምሩልኝ ብላቸው ማን ሰምቶኝ!»

ከዚህ የተሻለ ሂስ አንብቤ አላውቅም። በሁለት ዓረፍተ ነገር የዕቃውን አሠራር፣ የአገሩን ሁኔታና የባለቤቱን አስተሳሰብ አስቀመጠችው። ዕቃው የተሠራው ከከንፈር ሥር ለሚወርድ ውኃ ነው፤ የእኛ ውኃ የሚመጣው በባልዲ ነው። ስለዚህ ቅርጫቷ ጌጥ ናት። ባለቤቱም የገዛት ለጌጥ ነው።

ናፍታሊኑም ከዚህ አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል። የሽንትን ሽታ አያጠፋውም፤ የራሱን ከባድ ሽታ ይደርብበታል። ሁለቱ ተደማምረው ሦስተኛ ሽታ ይወልዳሉ፤ የአውቶቡስ መናኸሪያ ተጠቃሚ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ላይ መርዝ ነው። ሕፃን ከረሜላ መስሎት ቢውጠው ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ፤ በተፈጥሮ አንድ ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ብሎ ከሚጠረጥራቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ታዲያ ሽታው ከየት ነው የሚመጣው? አንደኛው ምንጭ መቀመጫው ላይ የሚጋገረው ቡናማ ቅርፊት ነው። የውኃው ማዕድንና የሽንት ዝቃጭ ተደራርበው የሚሠሩት ድንጋይ ነው፤ ሽታው የሚያድረው እሱ ውስጥ ነው። በረኪና ያነጣዋል፤ አያሟሟውም። ነጭ ሆኖ ይሸታል ማለት ነው። የሚያሟሟው አሲድነት ያለው ነገር ነው። ኮምጣጤ አፍስሶ ማሳደርና በነጋታው በብሩሽ መፈግፈግ ጥሩ ውጤት አለው። ብቻ አደራ፣ በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ! የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይልጣል። «ሁለቱ ሲደመሩ ይበረታሉ» በሚል የዋህነት ጠባብ ክፍል ውስጥ ታፍነው የሚሰቃዩት ብዙውን ጊዜ እነዚያው የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ጓንትና ብሩሽ ለመግዛት የሚሰስት እጅ፣ ለሚነፋ ቆርቆሮ ሲሆን ለምን እንደሚፈታ አይገባኝም።

ሁለተኛው ምንጭ ከታች ነው፤ የጉድጓዱ ጋዝ። ለዚህ መፍትሔ ከተገኘለት 250 ዓመት ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል፣ ለንደን ተቀምጦ ሰዓት የሚሠራ የስኮትላንድ ተወላጅ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ቱቦ እንደ እባብ አጠፈውና የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። በእጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውኃ ይቀራል። ያ ውኃ ቡሽ ነው፤ ከታች የሚመጣውን ጋዝ ይደፍነዋል። ዛሬም በየቤታችን መቀመጫ ሥር ያለው ይኸው እጥፋት ነው። ውኃ የጠፋበት ወይም ለሳምንታት ተዘግቶ የከረመ ክፍል የሚገማው እጥፋቱ ስለሚደርቅ ነው። መድኃኒቱም የውቅያኖስ መዓዛ ሳይሆን አንድ ጆግ ውኃ ነው፤ በመቀመጫውም፣ ወለሉ ላይ ባለው ማፍሰሻም። ትክክለኛው የሽታ መከላከያ ዕቃ፣ እንግዲህ፣ ውኃ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በአዊ ምድር ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ግሽ ዓባይ ያለችው ከጎረቤት ሰከላ ነው። ከእንጅባራ ወጣ እንዳልን ዘንገና ሐይቅ እንደ ጋን ሞልቶ ተቀምጧል። ክረምቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጃንጥላም ሰውም ይሰለቻል። ስሌቱ ደግሞ ቀላል ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ሆቴል፣ 20 ሚሊሜትር በሚጥል አንድ ዶፍ ብቻ ወደ 1,000 ሊትር ይወርድለታል። ግንበኞች «ቱርክ» የሚሉት ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት በአንድ ጊዜ ሦስት ሊትር ቢበቃው፣ አንድ ዶፍ ከ300 ጊዜ በላይ ያጥባል። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ብዙ ነው። የሚጎድለው አሸንዳና ሮቶ ነው። አሸንዳ ግን አያብረቀርቅም፤ እንግዳም ፎቶ አያነሳውም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ ሴራሚኩ ነው። አብዛኛው የዞኑ ሰው ግን የሚጠቀመው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፤ እሱም ቢሆን ያለ ሽቶ መላ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ያኔ ሮዴዥያ በምትባለው ዚምባብዌ፣ በብሌር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ፒተር ሞርጋን አንድ ቱቦ ከጉድጓዱ አንስቶ ከጣራ በላይ አወጣ። በቱቦው አፍ የሚያልፈው ነፋስ ከታች ያለውን አየር ይስበዋል፤ ንጹሑ አየር በሰውየው በኩል ይገባል፤ ሽታው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ክፍሉ ጨለም ስለሚል ዝንቦቹም በቱቦው በኩል ወደሚታየው ብርሃን ይበራሉና አፉ ላይ የታሰረው ወንፊት ያስቀራቸዋል። መብራት የለ፣ ውኃ የለ፣ ሽቶ የለ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ እናቶቻችን አመድ ያውቁ ነበር። አመድ እርጥበት ይመጣል፤ ላዩን ይሸፍናል፤ ዝንብ ያርቃል። ፋግታ ለኮማ ለዓመታት ዲከረንስ ተክሎ ከሰሉን በመኪና እየጫነ እስከ አዲስ አበባ ሲልክ የኖረ ወረዳ ነው። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የዝገት በሽታ ቢጎዳውም አመድ ጠፍቶ አያውቅም። ከሰሉን ሸጦ፣ አመዱን ደፍቶ፣ በብሩ ሰማያዊ ሳሙና የሚገዛ ሰው ንግዱን እንደገና ቢያሰላው አይከፋም።

«ሽታ ምን ይጎዳል? አፍንጫ መያዝ ነው» የሚል አይጠፋም። ሽታ የሚጎዳው ምስክር ስለሆነ ነው። ከኋላው በሽታ እንዳለ ይናገራል። «በሽታ» ስንል ውስጡ «ሽታ» መኖሩ የፊደል አጋጣሚ ነው፤ ከሥርወ ቃል አልቆጥረውም፤ ግን ለማስታወሻ ይጠቅማል። ትራኮማን ከዓይን ዓይን የምታዞረው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር እንጂ በጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ አይደለም። ይህ በመታወቁ ነው እ.ኤ.አ. በ2004 የካርተር ማዕከልና የክልሉ ጤና ቢሮ በምሥራቅ ጎጃም፣ በሁለት እጁ እነሴና በሌሎችም ወረዳዎች ሽንት ቤት ማስቆፈር የጀመሩት። 10,000 ያህል ታስቦ ወደ 90,000 ገደማ ተሠራ። ከፊት ሆነው የገፉት ሴቶች ናቸው። ምክንያታቸው ዝንብ ብቻ አልነበረም። ወንዱ በፈለገው ሰዓት ከዛፍ ሥር ዞር ይላል፤ ሴቷ ግን ጎህ ሳይቀድ ወይ ከመሸ በኋላ እንጂ መውጣት አትችልም፤ ቀኑን ሙሉ ይዛ ትውላለች። ለእነዚያ ሴቶች ሽንት ቤት የሽታ ጉዳይ ሳይሆን የክብር ጉዳይ ነበር። ማንም ሽቶ አልጠየቀም፤ አራት ግድግዳና ጉድጓድ ነው የጠየቁት።

እኛ የተማርነው ግን ቃላችንም ሽቶ ነው። «ነፋስ ልቀበል»፣ «ዞር ብዬ ልምጣ»፣ «ሜዳ ልውጣ» ስንል ኖረን፣ ዛሬ «መጸዳጃ ቤት» ላይ ደርሰናል። «መጸዳጃ» ግሩም ቃል ነው፤ ሰው ገብቶ ጸድቶ የሚወጣበት ማለት ነው። ስንቱ መጸዳጃ ነው ስሙን የሚያከብረው? በጨዋ ቋንቋ አልጣላም። የምጣላው ስሙ የማይጠራ ነገር በጀትም ስለማይያዝለት ነው። ስብሰባ ላይ «የመስተንግዶ ጥራት» ይባላል፤ «የሽንት ቤት ውኃ» ግን አይባልም። ከዚያ ሴራሚኩ ይገዛል፣ ሽቶው ይገዛል፣ በርሜሉ ይረሳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነው።

ልንጠላው የሚገባን ሽቶው አይደለም። በደንብ በተፈገፈገ፣ ውኃ በማያጣ ቤት ውስጥ ትንሽ የሎሚ መዓዛ ቢጨመር ማን ይጠላል? የሰርግ ቤትም ዕጣን ይጨሳል፤ ግን መጀመሪያ ይጠረጋል። ቅደም ተከተሉ ነው የተበላሸብን።

በ2016 ዓ.ም. «ጽዱ ጎዳና – ኑሮ በጤና» በሚል ዘመቻ ለሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ማሠሪያ ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ተሰብስቧል። ደግ ነው፤ ጉዳዩ ስሙ ተጠርቶ አደባባይ መውጣቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እንግዲህ በየከተማችን አዲስ መጸዳጃ ሲመረቅ ሪባን ለሚቆርጡት ሦስት ጥያቄ ይዘን እንቅረብ። ሮቶው የት አለ? በቀን ስንት ሊትር ይገባበታል? የምታጸዳዋ ሴት ጓንትና ደመወዝ አላት ወይ? ለሦስቱም መልስ ካለ፣ ሽቶው ቀስ ብሎ ይደርሳል።