ከፍሬሙ ውጪ የሚቀረው፦ የሙርሲ ምስሎችና የጉዞ ፎቶግራፍ

የጉዞ ፎቶግራፍ፣ ማለትም መንገደኛ ከቀዬው ርቆ ያየውን ሰውና አገር በምስል የሚያስቀርበት ዘርፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ አማተሩና ባለሙያው በመሣሪያና በብቃት እየተለዩ ይተነተናል። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል በሚኖሩት ሙርሲዎች ዘንድ የሚነሡት ፎቶዎች ግን ይህን ልዩነት እጅግ ያጠቡታል፤ ሁለቱም ይዘው የሚመለሱት አንድ ዓይነት ምስል ነውና።

በዚህ ምስል ላይ በታችኛው ከንፈሯ ክብ የሸክላ ጌጥ ያደረገች ሴት፣ ከኋላዋ የጨለመ ወይም የደበዘዘ ዳራ ይዛ ትታያለች። ጨለማው የሚገኘው ሴትዮዋን ጎጆ ደጃፍ ላይ በማቆም ሲሆን፣ ድብዘዛው ደግሞ 85 ሚሊሜትርን በመሰለ ረዘም ያለ ሌንስ የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ አስፍቶ በማንሣት ይገኛል፤ ይህም የመስክ ጥልቀትን፣ ማለትም በምስሉ ውስጥ ጠርቶ የሚታየውን የርቀት ወሰን፣ ስለሚያሳጥረው ከፊቷ በቀር ሁሉም ይጠፋል። ከሚጠፉት መካከል ከጂንካ ከተማ በጠዋት ተነሥቶ የማጎ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ የመጣው መኪና፣ ተራ የሚጠብቁት ሌሎች ጎብኝዎችና ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ብር ይገኙበታል። ክፍያው በሰውና በምስል ቁጥር ስለሚታሰብ ተነሺዎቹ የካሜራውን ድምፅ ይቆጥራሉ፤ ለመመረጥም ሲሉ በዘወትር ኑሯቸው የማይደርቧቸውን ጌጦች ይደራርባሉ። ሸክላውም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ከከንፈር የማይወርድ ሳይሆን፣ ለወንዶች ምግብ ሲቀርብ ወይም በክብረ በዓል የሚደረግ ነው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ ሙርሲዎችን ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን የጎብኝዎችና የሙርሲዎች ግንኙነት መተማመን የራቀው አድርጎ ገልጾታል። መከፈሉ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሙርሲዎች በመልካቸው ሌላው ሲጠቀም የድርሻቸውን መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ነውሩ ክፍያው ያስገኘውን ምስል ያልተነካ ባህል ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ነው።

የዚህ አቀራረብ ሥር ከኦሞ ይርቃል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሮጀር በ1949 በሱዳን ያነሣቸው የኑባ ሕዝብ የትግል ስፖርት ተወዳዳሪዎች ምስሎች ለናዚዎች የፕሮፓጋንዳ ፊልሞችን የሠራችውን ጀርመናዊቷን ሌኒ ሪፈንሽታልን ወደዚያው ስበዋታል፤ እርሷ በ1973 ያሳተመችውን የኑባ መጽሐፍ ደግሞ አሜሪካዊቷ ሐያሲ ሱዛን ሶንታግ በ1975 የፋሺስት ውበት አምልኮ ቅጥያ አድርጋ ተችታዋለች። ትችቱ ለሙርሲ ምስሎች ሙሉ በሙሉ ባይስማማም፣ ሰውን ከኑሮው ነጥሎ ገላውን ብቻ የማድነቅን ልማድ በትክክል ያመለክታል።

አማተሩ መንደሩ ሲደርስ በመጽሔት ያየውን ምስል በልቡ ይዞ ስለሚመጣ፣ ተጠያቂነቱ ይበልጥ የሚያርፈው ምስሉን ባስለመደው ባለሙያ ላይ ነው። ባለሙያው ሰፊ እይታ ባለው በ28 ወይም በ35 ሚሊሜትር ሌንስ ቢያነሣ መኪናውም ጎብኝውም ብሩም ፍሬሙ ውስጥ ይገባሉ፤ ሴትዮዋም በሥራዋ ላይ ያለች ተደራዳሪ ሆና ትታያለች። ዲጂታል ካሜራ የተነሣበትን ሰዓትና የቀዳዳውን ስፋት በራሱ ይመዘግባል፤ የተነሺዋ ስምና የተከፈላት ገንዘብ ግን ፎቶ አንሺው ካልጻፋቸው አይታወቁም። ስሟ እርሷ ስትፈቅድ፣ ክፍያው ግን ሁልጊዜ፣ ከምስሉ ግርጌ መጻፍ አለባቸው፤ አዘጋጆችም ይህ የጎደለውን ምስል ከማተም ቢቆጠቡ ልማዱ ከመጽሔቱ ገጽ ላይ መለወጥ ይጀምራል።