ድጎማው ለማን ነው?

መንግሥት ለእርሻ ስለሚሰጠው ድጎማ በሚቀርቡ ዘገባዎች ውስጥ ዘወትር የምናገኘው የገንዘቡንና የማዳበሪያውን ብዛት ነው። ስንት እንደ ወጣ ይነገረናል፤ በማን እጅ እንደ ገባ ግን እምብዛም አይነገረንም። የዚህ ሒስ ዓላማ እንዲህ ያለው አቈጣጠር ጐደሎ መሆኑን ማሳየት ነው።

ለምስክርነት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከአዳማ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ በዴራና በኢተያ አልፎ ወደ አሰላ፣ ማለት ወደ ቀድሞው የጭላሎ አውራጃ ያደርሰናል። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በመተባበር ያቋቋሙት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ በ1960 ዓ.ም. በዚህ አውራጃ ሥራውን ጀመረ። ዓላማው ጥቂት መሬት ያለውን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ስለ ነበረ፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አከፋፈለ። ምርቱም አደገ።

ነገር ግን በዚያው ዘመን መንግሥት በሌላ እጁ ሌላ ድጎማ ይሰጥ ነበር። ትራክተር ያለ ቀረጥ ወደ አገር ይገባ ነበር፤ ለእርሻ የሚውለው ነዳጅም የቀረጥ ምሕረት ነበረው። ይህ በበጀት መዝገብ ላይ ወጪ ተብሎ አይጻፍም። ቢሆንም መንግሥት ሳይቀበል የተወው ቀረጥ ለባለ ትራክተሩ እንደ ተሰጠ ገንዘብ ነው። ጥማድ በሬ ብቻ ያለው ጭሰኛ ከዚህ ምንም አያገኝም። ስንዴ አትራፊ መሆኑ በታወቀ ጊዜ ብዙ ባለ ርስቶች መሬታቸውን ራሳቸው በትራክተር ማሳረስን ወይም ለኮንትራት አራሽ ማከራየትን መረጡ። የመሬት ኪራይ ተወደደ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከቀያቸው ተነቀሉ። የጭሰኛውን ይዞታ ይጠብቃል የተባለው የሕግ ረቂቅ በፓርላማው ሳይጸድቅ ቀረ።

ጥፋቱ የርስት ሥርዓቱ እንጂ የድጎማው አይደለም የሚሉ አሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ባለ ርስትነት ቀረ እንጂ የድጎማው አከፋፈል ጥያቄ አብሮ አልቀረም።

በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ በናረ ጊዜ መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ደጐመ። ማዳበሪያ ከውጭ ለምታስገባ አገር ይህ ተገቢ ርምጃ ነበር፤ እኛም አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ድጎማ በኩንታል ልክ የሚታደል መሆኑን ነው። በአዳማ ዙሪያ ጤፍ የሚዘሩ ሁለት ገበሬዎች አሉ እንበል፤ አንዱ ግማሽ ሄክታር፣ ሌላው ሦስት ሄክታር ያርሳል። ለሄክታር ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ ቢያስፈልግ፣ የመጀመሪያው አንድ፣ ሁለተኛው ስድስት ኩንታል ይገዛል። እንግዲህ የመንግሥት ርዳታ ለባለ ብዙው ስድስት እጥፍ ደረሰው ማለት ነው። የሌላውን መሬት በእኩል የሚያርሰው ደግሞ የይዞታ ደብተሩ በስሙ ስላልሆነ፣ ጉልበቱ በእርሻው ላይ እያለ ስሙ ከመዝገብ ውጭ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ገበሬ ቤተ ሰብ የተወሰነ ኩንታል በተደጐመ ዋጋ ይሰጥ፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ በገበያ ዋጋ ይግዛ። የእኩል አራሹም ስም በቀበሌው መዝገብ ይግባ። ይህ ምዝገባ አድካሚ ነው፤ ቤተ ሰቡን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ስም የሚወስድም አይጠፋም። ነገር ግን ጭላሎ ያስተማረን የስንዴው ኩንታል ሲበዛ የገበሬው ቍጥር ሊያንስ እንደሚችል ነው። እኛ ተማሪዎችም ወደ ገጠር ለጥናት ስንወጣ አስቀድመን የምንጠይቀው ስንት ኩንታል ተከፋፈለ ብለን ሳይሆን፣ ስንት ቤተ ሰብ ደረሰው፣ ያልደረሰውስ ማን ነው ብለን ይሁን።