የአንድ ቀን ኖራ፦ ፍሎረንስ በብርድ ወራት

ፍሎረንስን የመሰለች የጥበብ ከተማ በአንድ ቀን ምን ያህል ልትታይ ትችላለች የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የጉዞ አሰናጆች የሰዓት ስሌት ቢመስልም፣ በመሠረቱ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጥያቄ ነው፤ ከተማዋን በዓለም ያስከበሯት የግድግዳ ሥዕሎች ራሳቸው በቀን እየተሰፈሩ የተሠሩ ናቸውና። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን የሚመረምረው ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በብርድ ወራት ነው። እዚህ ላይ የቃላት ነገር አስቀድሞ መጥራት ይኖርበታል፤ ክረምት የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ዘመን ሲያመለክት፣ አውሮፓውያን ክረምት የሚሉት ግን ከዲሴምበር እስከ ፌብሯሪ ያለውን፣ በኢትዮጵያ በጋ የሆነውን የብርድ ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ፀሐይ በአርኖ ወንዝ ሸለቆ ላይ ዘግይታ ትወጣለች፣ በጊዜም ትጠልቃለች፤ በዲሴምበር ማብቂያ ገደማ የቀኑ ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በተለመደው አስተሳሰብ የቀኑ ማጠር ጉድለት ስለሆነ፣ ጉድለቱን መሙያው ፍጥነት ነው፤ ጎብኚው ጠዋት ካቴድራሉን፣ እኩለ ቀን ላይ የኡፊዚን ቤተ መዘክር፣ ከሰዓት በኋላ ድልድዩንና አደባባዮቹን አዳርሶ፣ ሲመሽ ያየውን መዘርዘር ይችላል። ይህ አካሄድ ከተማዋን እንደ ዕቃ ቆጠራ የሚያይ ከመሆኑም በላይ፣ ሥራዎቹ የተሠሩበትን ሥርዓት ይቃረናል። ሥርዓቱን ለመረዳት ፍሬስኮ የተባለውን የአሣሣል ዘዴ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ፍሬስኮ በኢጣሊያንኛ ትኩስ፣ እርጥብ ማለት ሲሆን፣ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ኖራ ሳይደርቅ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም እየተቀባ የሚሠራ ሥዕል ነው። ኖራው ቀስ በቀስ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ቀለሙን ከራሱ ጋር ያዋህደዋል፤ በዚህም ምክንያት ሥዕሉ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነገር መሆኑ ይቀርና የግድግዳው አካል ይሆናል። ይህ የሚሆነው ግን ኖራው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ሠዓሊው በየማለዳው የሚያስለስነው በዚያ ቀን ሊጨርሰው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ይህችን የአንድ ቀን ቁራሽ ባለሙያዎቹ ጆርናታ ይሏታል፤ ትርጉሙም የቀን ሥራ እንደማለት ነው። አንድ ራስ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ሰፊ ሰማይ ደግሞ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት የጆርናታዎቹ ስፌት በስሱ ይታያል፤ ይህን ስፌት ያየ ሰው የሠዓሊውን የሥራ ቀናት አንድ በአንድ ሊቆጥር ይችላል። ውርጭ እርጥቡን ኖራ ስለሚያበላሸው የብርድ ወራት ለዚህ ሥራ የማይመቹ ነበሩ፤ ስለሆነም በብርድ ወራት የሚመጣ ተመልካች የሚያየው ሞቃት ቀናት ያቆዩለትን ነው።

የዚህ ሥርዓት ታላቁ ምስክር ከአርኖ ወንዝ ማዶ፣ ሳንታ ማሪያ ዴል ካርሚኔ በተባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚገኘው የብራንካቺ ጸሎት ቤት ነው። ሥራውን ማሶሊኖና ማሳቾ የተባሉ ሁለት ሠዓልያን በ1420ዎቹ አጋማሽ ጀመሩት፤ ማሳቾ በ1428 ሃያ ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ሮም ውስጥ ሞተ፤ የቀረውን ፊሊፒኖ ሊፒ በ1480ዎቹ ፈጸመው። በ1771 ቤተ ክርስቲያኑን ካወደመው ቃጠሎ ጸሎት ቤቱ በጢስ ጠቁሮ ተረፈ፤ በ1980ዎቹ በተደረገው ጽዳት ጥላሸቱ ሲነሳ የቀለሙ እውነተኛ ድምቀት፣ ከርሱም ጋር የየቀኑ ስፌት ወጣ። አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩ የሚያሳየው ጠባብ ሥዕል የአራት ቀን ሥራ ሲሆን፣ ክርስቶስ ስለ ግብር ሲጠየቅ የሚያሳየው ሰፊ ሥዕል ሠላሳ ያህል ቀናት ወስዷል። ዛሬ አንድ ጎብኚ ሁለቱንም በዓይኑ ለማዳረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ብዙ ከተባለላቸው ከእነዚህ ሁለት ሥዕሎች ይልቅ በመሠዊያው ግድግዳ፣ በመስኮቱ ግራና ቀኝ ባሉት ላይ ነው። ከመስኮቱ በስተቀኝ፣ በላይኛው ረድፍ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ አዲስ አማንያንን ሲያጠምቅ ይታያል። አንዱ ወጣት ወንዙ ውስጥ ተንበርክኮ ውሃው ከራሱ ላይ ይወርድበታል፤ ከኋላው ተራውን የሚጠብቀው ሌላው ወጣት ግን ራቁቱን ቆሞ፣ ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ በብርድ ይንቀጠቀጣል። በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት የሠዓልያንን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ጆርጆ ቫዛሪ ይህን የሚንቀጠቀጥ ሰው ለይቶ አወድሶታል፤ ውዳሴውም ይገባዋል። ከማሳቾ በፊት በነበረው ልማድ ተጠማቂ ማለት የምሥጢሩ ምልክት ነበር፤ እዚህ ግን ተጠማቂው በረዶ የመሰለ ውሃ የሚጠብቀው ገላ አለው። እምነቱ አልጎደለም፤ ቆዳው ግን ተሸማቋል። በጥር ንጋት ጥምቀተ ባሕር ዳር ቆሞ ውሃው እስኪረጭ የጠበቀ ኢትዮጵያዊ ምእመን ይህን ሰውነት ለመረዳት የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተማሪ አያሻውም። ካፖርቱን እንደለበሰ ከውጭ ብርድ የገባ የእነዚህ ወራት ጎብኚም ሥዕሉን የሚያየው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቱም ያውቀዋል።

ከዚሁ መስኮት በስተግራ፣ በታችኛው ረድፍ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ የተመሠረተው ሥዕል አለ፤ ጴጥሮስ ሲያልፍ ጥላው ያረፈባቸው ሕሙማን ይድናሉ። መንገዱ የተራ ሰዎች የከተማ መንገድ ነው፤ ዳርና ዳሩን የፍሎረንስ ቤቶች ቆመውበታል። ከሕሙማኑ አንዱ እግሮቹ ሰልለው መሬት ላይ ተቀምጧል፣ አንዱ ከተቀመጠበት በመነሳት ላይ ነው፣ ሌላው ቆሞ እጆቹን ለምስጋና አገናኝቷል፤ ፈውሱ በአንድ ሰው ላይ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች በሦስት ሰዎች ተከፍለው ቀርበዋል ማለት ይቻላል። ጴጥሮስ ወደ አንዳቸውም አይመለከትም፤ ፊት ለፊቱን እያየ ይራመዳል፤ ሥራውን የሚሠራው ጥላው ነው። አማርኛ ጥላ የሚለውን ቃል ጥላ ከለላ ብሎ ለመከታነት፣ ጥላ ወጊ ብሎ ደግሞ ለጉዳት ስለሚጠቀምበት፣ ጥላ የሰውየው አካል እንደሆነ የሚያስበው የቆየ አስተሳሰብ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። የማሳቾ ብልሃት ግን ከዚህ ይረቃል። ጥላ የሚያስጥለው ብርሃን ከየት ይመጣል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ከጎኑ ካለው እውነተኛው መስኮት ነው፤ በጸሎት ቤቱ ሥዕሎች ሁሉ የተሣለው ብርሃን ከዚያው መስኮት አቅጣጫ እንደመጣ ሆኖ ተዘጋጅቷል። ግድግዳው ላይ የሚያልፈው ሐዋርያና ከፊቱ የቆመው ተመልካች በአንድ ብርሃን ሥር ናቸው። ይህን ለማስተዋል ከግድግዳው ፊት ለፊት ረጋ ብሎ መቆም ይጠይቃል፤ ወደ ጸሎት ቤቱ የሚገባው ጥቂት ሰው በአንድ ጊዜ፣ ለተወሰነ ደቂቃ በመሆኑ ደቂቃዎቹን ሁሉ ለዚህ አንድ ግድግዳ መስጠት የሚበጅ ነው።

ብዙ የማየት ፈተና በፍሎረንስ ስም ያወጣለት ሕመም እንኳ አለ። ፈረንሳዊው ደራሲ ስታንዳል በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ በጃንዋሪ 22 ቀን 1817 ሥር ባሰፈረው ዘገባ፣ ማይክል አንጄሎ፣ ማኪያቬሊና ጋሊሌዮ የተቀበሩበትን የሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ሲወጣ ልቡ ክፉኛ እንደመታና እንዳይወድቅ እየፈራ እንደተራመደ ይተርካል። ግራዚየላ ማጌሪኒ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም በከተማዋ ሆስፒታል ከመቶ በላይ የውጭ አገር ጎብኚዎችን መርምረው፣ በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን መናወጥ የስታንዳል ሕመም ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ ስሙ የውበት ብዛት ሰውን ይጥላል ለሚል አባባል ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ዘገባው ራሱ በጥንቃቄ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ስታንዳል አንድ መነኩሴ በአንድ ጥግ ያለ ጸሎት ቤት እንዲከፍትለት አስደረገ፤ በዚያም ተቀምጦ፣ ራሱን ወደ ኋላ አስደግፎ፣ ቮልቴራኖ የሣላቸውን ሲቢላዎች፣ ማለትም የጥንት ነቢያት ሴቶችን፣ አንጋጦ ተመለከተ። የልቡ መናወጥ የተከተለው ይህን ነው። እንግዲህ ያንን ሰው የመታው ብዛት ነበር ከማለት ይልቅ አንድ ጣሪያ ሥር መቀመጡ ነበር ማለት ለዘገባው የቀረበ ንባብ ነው። ያው ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 4 ቀን 1966 አርኖ ሞልቶ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ በጭቃ ውሃ ተሞልቶ፣ የቺማቡዌ ታላቅ ስቅለት ከቀለሙ ከግማሽ በላይ ማጣቱም መታወስ አለበት፤ የተጎዳው ሥዕል ባዶ ቦታዎቹን እንደያዘ ዛሬም ይታያል።

የብርድ ወራት ለፍሎረንስ አንድ ሌላ ሥራ ሰጥተዋት መልሰው ወስደውባታል። በጃንዋሪ 1494 ብዙ በረዶ በጣለ ጊዜ ፒዬሮ ዴ ሜዲቺ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ማይክል አንጄሎን በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ የበረዶ ሐውልት እንዲሠራ እንዳዘዘው ቫዛሪ ጽፏል። የሐውልቱ መልክ ምን እንደነበረ አልተመዘገበም። ሜዲቺዎችም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ከከተማዋ ተባረሩ።

ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ደግሞ ይህች ከተማ በጥበቧ ብቻ የምትታወስ አይደለችም። የምሥራቅንና የምዕራብን አብያተ ክርስቲያናት ለማስታረቅ የተጠራው ጉባኤ በጃንዋሪ 1439 ከፌራራ ወደ ፍሎረንስ ከተዛወረ በኋላ፣ በ1441 ኦገስት በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም አበምኔት የነበሩት ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳት ከግብጻውያን መልእክተኞች ጋር ወደ ከተማዋ ገቡ። ዲያቆን ጴጥሮስ የተባለው በሊቀ ጳጳሱ በአውግንዮስ አራተኛ ፊት ንግግር አደረገ፤ ከንጉሡ ከዘርዐ ያዕቆብ ግን የተሰጣቸው ሥልጣን አልነበረም። ከግብጻውያን ጋር የተደረገው ስምምነት ፌብሯሪ 4 ቀን 1442፣ በዚሁ በብርዱ ወቅት፣ ታወጀ። እነዚህ መነኮሳት ቀና ብለው ያዩት የብሩኔሌስኪ ጉልላት ከተመረቀ ገና አምስት ዓመቱ ነበር፤ አናቱ ላይ ያለው የብርሃን ማማ መሠራት የጀመረው በ1446 ስለሆነ ጫፉ ገና ክፍት ነበር። በእነዚሁ ዓመታት ፍራ አንጀሊኮ የሳን ማርኮን ገዳም ክፍሎች እየሣለ ነበር። አርባ በሚያህሉት በእነዚህ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ለእያንዳንዱ መነኩሴ አንድ ትንሽ መስኮትና ከጎኗ አንድ ሥዕል ብቻ ተሰጥቶታል። መነኩሴው ዕድሜውን ሙሉ ከዚያች አንዲት ሥዕል ጋር እንዲኖር ነው የታሰበው፤ በዚህም ሳን ማርኮ ከቤተ መዘክር ሁሉ የተለየች የማየት ትምህርት ቤት ናት።

ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ሌላ ኢትዮጵያዊ መልክ ወደ ከተማዋ ገባ። መስፍኑ ኮሲሞ አንደኛ፣ ፓኦሎ ጆቪዮ በኮሞ ሐይቅ ዳር ያከማቻቸውን የታላላቅ ሰዎች ሥዕሎች እንዲገለብጥ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞን ከ1552 ጀምሮ ላከው፤ ከግልባጮቹ መካከል የዐፄ ልብነ ድንግል ሥዕል ይገኝበታል። ሥዕሎቹ በኡፊዚ መተላለፊያዎች ግድግዳ ላይ ከፍ ብለው በረድፍ ስለተሰቀሉ፣ ወደ ቦቲቼሊ አዳራሽ የሚጣደፈው ሕዝብ ቀና ብሎ ሳያያቸው ያልፋል። በብርድ ወራት ሕዝቡ ሲሳሳ መተላለፊያው ላይ ቆሞ አንጋጦ መፈለግ ይቻላል፤ ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ደግሞ ሊፈልገው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ለጎብኚውም ለአስጎብኚውም አንድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ብርሃን ያለው ቀን ለፍሎረንስ አይበቃም፤ ለአንድ ግድግዳ ግን ይበቃል። ማሳቾ በማለዳ ያስለሰነው እስከ ማታ የሚሞላውን ያህል ብቻ ነበር። በጃንዋሪ ፍሎረንስ የሚደርስ አንባቢ ጠዋቱን ለሳን ማርኮ፣ ከሰዓት በኋላውን ለካርሚኔ ሰጥቶ፣ ኡፊዚንና ዐፄ ልብነ ድንግልን ለማግስቱ ያቆያቸው።