የድርሰት ትምህርት በኢንተርኔት፦ ደህናውን በምን እንለየዋለን?

ልብ ወለድ መጻፍ እናስተምራለን የሚሉ ድረ ገጾች፣ የዩቲዩብ ቻናሎችና የቴሌግራም ቡድኖች ለቁጥር ያታክታሉ። ብዙ ሰው ደህናውን ከማይረባው የሚለየው በተከታዩ ብዛት ወይም በአስተማሪው ዝና ነው። ሁለቱም አያስተማምኑም። ስመ ጥር ደራሲ የሚሠራውን ማስረዳት ላይሆንለት ይችላል፤ ተከታይ ደግሞ በማሞካሸትም ይሰበሰባል። ከዚህ የሚሻል መመዘኛ አለ፦ አስተማሪው አንድን ጽሑፍ ፊታችን አስቀምጦ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር እዚህ ለምን ገባ፣ ቢወጣስ ምን ይጎድላል ብሎ ይመረምራል? ወይስ ምክር ብቻ ይደረድራል? «ገጸ ባሕርይህን ሕያው አድርገው» የሚለው ምክር ስሕተት የለበትም፤ ጥቅምም የለውም።

ኒው ዮርከር መጽሔት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሰራጨው የልብ ወለድ ፖድካስት ይህን መመዘኛ ያልፋል። አንድ ደራሲ የሌላውን አጭር ልብ ወለድ መርጦ ያነብባል፤ ከዚያ ከመጽሔቱ የልብ ወለድ አርታኢ ከዲቦራ ትራይስማን ጋር ይወያይበታል። አድማጩ ታሪኩን ስለሰማ ከሁለቱም ጋር መከራከር ይችላል። የፓሪስ ሪቪው መጽሔት ቃለ ምልልሶችም ዝነኛ ናቸው፤ ግን ከፍ ዝቅ አላቸው። ሄሚንግዌይ በ1958 እ.ኤ.አ. በወጣው ቃለ ምልልሱ የአንዱን ልብ ወለዱን መጨረሻ 39 ጊዜ እንደጻፈው ተናግሯል። ይህን የሰማ ጀማሪ መትጋት እንዳለበት ይረዳል እንጂ አጨራረስ አይማርም። የዚያው መጽሐፍ የ2012 እ.ኤ.አ. እትም ግን 47 የተጣሉ አጨራረሶችን አትሟል፤ እነሱን ከታተመው ጋር ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ደራሲው ምን እንደጠላ በዓይኑ ያያል።

ጀማሪ መጀመሪያ ሕግ ያስፈልገዋል፣ ምርመራው ይቆየው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ደራሲው ብራንደን ሳንደርሰን በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሰጣቸው፣ በዩቲዩብም በነጻ የተለቀቁ ትምህርቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በጠቅላላ ሐሳብ ላይ ያተኩራሉ፦ ደራሲ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ለአንባቢው ምን ቃል ገባ፣ ወደዚያ እንዴት ተራመደ፣ በመጨረሻ ምን ከፈለው። ትምህርቱ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም የታሪክ አወቃቀር በአጭሩ ተነግሮ ሊገባ ይችላል። ዐረፍተ ነገር ግን በአጭሩ አይነገርም። ስለዚህ ለሴራ ጠቅላላ ትምህርት ቢበቃም፣ ለቋንቋ ጽሑፉን ከፊት ሳያስቀምጡ ማስተማር አይሆንም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ እዚህ ላይ ይብሳል። እስጢፈን ኪንግ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድርሰት መጽሐፉ ተውሳከ ግስን አጥብቆ ይቃወማል፤ ምክሩም በየድረ ገጹ ይደጋገማል። እኛ ግን ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ብዙውን ጊዜ የምንገልጸው በግስ ነው፦ «ተኮሳትሮ ተቀመጠ»፣ «እየተንቀጠቀጠች ፈረመች»። «ተኮሳትሮ»ን ብንሰርዝ አብሮ የሚሄደው ድርጊት ነው። ንግግርንም እንይ። «ይግቡ» አለች። «አልገባም» አሉ። ስም አልተጠራም፤ ሆኖም ተናጋሪዎቹ አንዲት ሴትና እሷ የምታከብራቸው ሰው መሆናቸውን አንባቢው ዐውቋል። አሥር ገጽ ቆይታ ያችው ሴት «ግባ» ብትል በመካከላቸው አንድ ነገር ተሰብሯል። ያን ጊዜ ተራኪውም «አሉ» እንዳለ ይቀጥላል ወይስ «አለ» ይላል? ምርጫው ተራኪው ለማን እንደሚያደላ ያጋልጣል። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ይህን ጉዳይ ሊያነሳው አይችልም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣውን የአወቃቀር ትምህርት መውሰድ፣ የዐረፍተ ነገሩን ግን በአማርኛ ጽሑፍ ላይ መፈተን ይገባል።

በአማርኛ ምንም የለም የሚለው ቅሬታም ተጋኗል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማከማቻ ድረ ገጽ በአማርኛ ልብ ወለዶች ላይ የተሠሩ የማስተርስ ጥናቶች ይገኛሉ። አጻጻፋቸው ደረቅ ነው (አንዳንዱ የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ በደህና ቢዘለል ይሻላል)፤ ነገር ግን ከልብ ወለዱ ቅንጫቢ እየጠቀሱ አንጻርንና የገጸ ባሕርይ አሳሳልን ይተነትናሉ። በአንጻሩ የቴሌግራም ቡድኖች በአብዛኛው «ድንቅ ነው» ይሉና ያልፋሉ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ክሪተርስ የተባለው የእንግሊዝኛ ደራስያን ማኅበር ግን ሥራው እንዲተችለት የሚፈልግ አባል በቅድሚያ የሌሎችን እንዲተች ያስገድዳል። አንድ የአማርኛ ቡድን ይህን ደንብ ቢያወጣ አባላቱ ይቀንሱ ይሆናል፤ የቀሩት ግን ይጠቀማሉ።

አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከበትን ቅጂ እመርጣለሁ፤ በዩቲዩብ ይገኛል። ትረካው የተራኪው ጥበብ እንጂ የድርሰት ትምህርት አይደለም የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን ረጅም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹ እስኪደርስ ድረስ ሰሚን እንዴት ይዞ እንደሚቆይ ይህን ያህል የሚያሰማ ሌላ ነገር የለም። መጽሐፉን ገልጣችሁ አዳምጡ፤ ድምፁ ባረፈበት ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ቀጥሎ የራሳችሁን አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ምልክቶቹን አስተያዩ።